ከመሰላሉ በፊት

እናትየው የጨዉን ውሃ ለማማሰል እጇን እስከ አንጓዋ ሳፋው ውስጥ ብትከት መንጭቃ አወጣችውና «ወይኔ፣ ልጄን ቀቀልኳት» አለች። ልጅቷ ሁለት እግሯን ነክራ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ከሸሚዟ ቁልፍ ጋር ትታገል ነበር፤ ቀና ብላ እናቷን አየቻት እንጂ ንቅንቅ አላለችም። «ምነው?» አለች። ታናሽ እህቷ ከአልጋ ዘላ ወርዳ ባቷን ይዛ ከውሃው አወጣቻት። እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ቀልቶ ተነፍቷል፤ የእግሩ ባለቤት ግን ለብ ያለ ነገር ብቻ ነበር የተሰማት። ሦስቱም ያንን እግር የሰው ዕቃ ይመስል አዩት። እናትየው የተቃጠለ እጇን እያራገበች ማልቀስ ስትጀምር ልጅቷን ሳቅ አመለጣት። የደስታ ሳቅ አልነበረም፤ የሚባል ነገር ሲጠፋ የሚመጣው ዓይነት ነው። የተቀቀለችው እሷ፣ የምታለቅሰው እናቷ። በዚህ ቤት ነገሮች እንዲህ መገለባበጥ ከጀመሩ ሰንብተዋል።

ሙቁን ውሃ ያዘዘው ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሞቹ ተራቸውን ሲጨርሱ ነው እናትየው የገባችበት። ነገሩ ልጅቷን ከጀመራት ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ የእግሯ ጫፍ ደረጃ ላይ ይያዝባት ጀመር። ቀጥሎ ክፍት ጫማዋ ሳታውቀው እየወለቀ መንገድ ላይ ይቀር ጀመር፤ ሰው ከኋላዋ «እህት፣ ጫማሽ» ብሎ ሲጠራት ዞር ትልና ጫማዋን ርቆ ብቻውን ተቀምጦ ታገኘዋለች። ከዚያ ወደ ጣቶቿ ወጣ። ቁልፍ፣ መርፌ፣ ሳንቲም፣ ትናንሽ ነገር ሁሉ ጠላት ሆነባት። ጋደም ስትል ባቷ ውስጥ ሥጋው ብቻውን ይርገበገባል። አንዱ ሐኪም ቫይታሚን አንሶሻል አላት፤ ሌላው የወገብ ዲስክ ነው ብሎ ጠንካራ ፍራሽ አስገዛት፤ ሦስተኛው የምርመራ ወረቀቷን እንኳ ሳያይ «አግብተሻል?» ብሎ ጠየቃት። አላገባሁም ስትለው «እንግዲያው» አለና እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉት ይሄ ነው። ኩበት ለቃሚዎቹ ሲደክማቸው እናትየው ብርድ ነው አለች፤ ብርድን ደግሞ ጨውና ሙቅ ውሃ ያስወጣዋል ተባለ። ያም ሆነ ይህ ጠዋት ጠዋት ሳፋው ይቀርባል።

አባትየው ስለ በሽታው ምንም አስተያየት አልነበረውም። ልጁ ስትደናቀፍ ካየ «እግርሽን አንስተሽ ሂጂ እንጂ» ይላል፤ ይህን ብሎ ከመቀመጫው ይነሳና ከክፍሉ ይወጣል። እሱ ራሱ የሚሄደው ጭቃ እንደሚሻገር ሰው ጉልበቱን ከፍ ከፍ እያደረገ ነው፤ ግን እሱ ምክንያት አለው፤ ከመሰላል የወደቀ ሰው ነው። በወጣትነቱ ስመ ጥር ቀለም ቀቢ ነበር። ከወደቀ ወዲህ አንድ የቀለም መሸጫ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀለም እየቀመመ ይኖራል። በቤታቸው ዘመን የሚቆጠረው በዚያ መሰላል ነው። ትልቋ ልጅ የተወለደችው ከመሰላሉ በፊት ነው፣ ታናሿ ከመሰላሉ በኋላ፤ ቁም ሳጥኑ የተገዛው ከመሰላሉ በፊት ነው፣ ስለዚህ ጠንካራ ነው። ልጆቹ ወንበር ላይ ቆመው አያውቁም። አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት ይጠራል፤ መጋረጃ በዓመት አንዴ ይታጠባል፣ እሱም ጎረቤቱ ሲመቸው።

የእናትየው ወንድም፣ ሹፌሩ አጎት፣ ሳምንት ሳይዘልል ይመጣል፤ እሱ ግን አምፖል ቀይር አይባልም። መሰላሉን ይዞ የነበረው እሱ ነው። ያን ጊዜ ገና ጢም ያላወጣ የቀለም ቀቢ ረዳት ነበር፤ አማቹ ነው እጁን ይዞ ሥራ ያስገባው። ለቀቀው፣ ሰውዬው ወደቀ፣ በቃ፤ ታሪኩ ይኸው ነው። ማንም አልተጣላውም። እናትየው ወንድሟን ትወዳለች፤ ብቻ አንድ ብርጭቆ ውሃ ስታቀብለው «ያዝከው?» ትላለች። ከሃያ ዓመት በላይ «ያዝከው?» ስትለው እሱም «ይዣለሁ» ሲላት ኖረዋል። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ስላደጉ እንደ ሰላምታ ነው የሚቆጥሩት። አጎት ሚስት አላገባም፤ ካገባሁ ጊዜ አጣለሁ ይላል። ጊዜውን የሚፈልገው ለነሱ ነው። ታክሲው ለሌላው ሕዝብ በክፍያ ነው፣ ለዚህ ቤት በነፃ። አማቹን ሲያይ ደግሞ ሮጦ ክንዱን ይደግፋል፤ አማቹም ሳያየው ክንዱን ይሰጠዋል።

የልጅቷ የሐኪም ቤት ቀጠሮ ለከሰዓት ነበር፤ አንድ የነርቭ ሐኪም አግኝታ ነው። እስከዚያ ግን ሥራ አይቀርም፣ በተለይ ዛሬ። ልጅቷ የምትሠራው የብርጭቆና የሸክላ ሳህን መደብር ውስጥ ነው፤ እግሩ ለከዳው ሰው ከዚህ የባሰ ቦታ የለም። በመደዳ የቆሙ መደርደሪያዎች፣ በመሀላቸው አንድ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት መተላለፊያ፣ ከላይ እስከ ታች የሚሰበር ነገር። ድሮ ጎበዝ ነበረች። ደንበኛው ፊት ብርጭቆውን በሁለት ጣት ታነሳና አፉን በጥፍሯ ታንኳኳዋለች፤ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ስንጥቅ የለውም ማለት ነው፤ ደነዝ ካለ ሳትናገር ወደ ጎን ታኖረዋለች። አሁን ብርጭቆውን ያነሳች እየመሰላት ከመደርደሪያው ላይ ጠርጋ ትጥለዋለች። የሥራ ባልደረቦቿ «ኮሽታ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ ከጓዳ በኩል ኮሽ ሲል ማን እንደሆነች ለመጠየቅ መድከም የለም። እሷም አብራ ትስቅ ነበር፤ መጨረሻ ላይ ሳቁ አልወጣ አላት። የመደብሩ ባለቤት የሆነችው ሴትዮ ክፉ አይደለችም። መጀመሪያ ከሳህን ወደ ድስት አዛወረቻት፣ ከድስት ወደ መጠቅለያው ጠረጴዛ። ትናንት ግን ለብቻዋ ጠርታ «በሽታ ከሆነ በሽታ ነው፣ እጠብቅሻለሁ። ግዴለሽነት ከሆነ ግን እኔ የምሸጠው ብርጭቆ ነው፣ ትዕግሥት አይደለም። ነገ ሐኪሙ ያለሽን ንገሪኝ» አለቻት።

የጨነቃትም ይኸው ነው። ሐኪሞቹ ሁሉ ምንም የለሽም ብለዋል። ምንም የሌለው ሰው ብርጭቆ ከሰበረ ደግሞ ግዴለሽ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ሰው ደጋግሞ ሲነግርህ ታምናለህ፤ እሷም ጋዜጣ እየቆራረጠች የስኒ ሆድ ስትሞላ ምናልባት እውነታቸውን ይሆናል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ ይሆናል ብላ ማሰብ ጀምራ ነበር። አንድ ብርጭቆ የሰበረችበትን ቀን ታስታውስና፣ ያን ጊዜ ወደ በሩ አይቼ ነበር እንዴ፣ ስለ ምሳ አስቤ ነበር እንዴ እያለች ራሷን ትመረምራለች። ዛሬ ጠዋት እግሯ ባይቀቀል ኖሮ ዛሬም ይህንኑ ታስብ ነበር። ጫማዋ ውስጥ የተቀባችው ቅባት ሲንሸራተት ይታወቃታል፣ ወይም የሚታወቃት ይመስላታል፤ እርግጠኛ አይደለችም። በዚያ ጠዋት የሰበረችው ነገር የለም። ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድ የሻይ ስኒዎች ስብስብ ስትጠቀልል ነው የቆየችው፤ ደንበኛው ተሰላችቶ «እህቴ፣ እኔ እኮ ስኒ ነው የገዛሁት፣ አራስ ልጅ አይደለም» አላት።

እናትየው አብራት ልትሄድ ነበር የታሰበው፤ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ስለዋለ አባትየው ተተካ። አጎት ታክሲውን መደብሩ ደጃፍ አቆመ። አባትየው ከፊት ተቀምጦ፣ ደህና ጫማውን አድርጎ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አኑሮ መንገዱን ያያል። ልጅቷ ከኋላ ገባች። በመንገዱ ሁሉ ያወራው አጎት ነው፤ ስለ ነዳጅ ሰልፍ፣ ስለ አዲሱ የትራፊክ መብራት፣ ቀኑን ሙሉ አስዙሮት ሲወርድ መልስ ስጠኝ ብሎ ስለተጨቃጨቀው ተሳፋሪ። አባትየው «እህ» ይላል። ሐኪም ቤቱ በር ላይ አጎት ሮጦ ዞሮ የአማቹን በር ከፈተ፣ ክንዱን ያዘ፣ አወረደው። «እኔ እዚሁ ነኝ፤ መኪናውን ሰው እንዳይነካው» አለ። ሁልጊዜም እንዲሁ ነው፤ ከደጅ አልፎ አይገባም።

መጠበቂያው ክፍል ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አንድ በር የዞሩ ነበሩ፤ በሩ ገርበብ ባለ ቁጥር ሰው ሁሉ ቀና ይላል። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠው ብዙ ቆዩ። ከአጠገባቸው የተቀመጡ ሴትዮ «ለአባትሽ ነው?» ብለው ጠየቋት፤ ሲገባ የአባትየውን አረማመድ አይተዋል። «አይ፣ ለኔ ነው» አለች። ሴትዮዋ ሁለቱንም አየት አየት አድርገው «ሁለታችሁንም ይማራችሁ» አሉ። አባትየው ባርኔጣውን ከአንዱ ጭኑ ወደ ሌላው አዛወረ። ልጅቷ ጠዋት የሆነውን ልትነግረው ፈለገች፤ ውሃው ምንም አልፈጀኝም አባዬ፣ ፈራሁ ልትለው። ጎኑን ስታየው ግን የሚሰማ ፊት አልነበረውም፤ የግድግዳውን የቀለም ቅብ እየመረመረ ነው፤ ሁለተኛውን ዙር የመጀመሪያው ሳይደርቅ ነው የቀቡት አለ።

መጀመሪያ ወደ አንድ ጠባብ ክፍል ወስደው እግሯና እጇ ላይ ትናንሽ ብረቶች ለጥፈው በኤሌክትሪክ ነዘሯት። ባለሙያው አዝራሩን በተጫነ ቁጥር እጇ ከራሷ ፈቃድ ውጭ ይዘላል፤ እግሯ ጋ ሲደርስ ግን ባለሙያው ደጋግሞ ይጫናል፣ እሷም ደጋግማ ትጠብቃለች። «ጀምረሃል?» አለችው። ቀና ብሎ አያትና መልስ ሳይሰጣት ወደ ስክሪኑ ዞረ። ከዚያ ከአባቷ ጋር ሐኪሟ ዘንድ ገባች፤ እሱ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ረጋ ያለች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ዐይኗን አስጨፍና በጥጥ ነካካቻት፣ በመርፌ ጫፍ ነካካቻት፣ ከዚያ ሹካ የመሰለ ብረት መትታ የእግሯ አውራ ጣት ላይ አቆመችው። «ይሰማሻል?» አለች። «አዎ፣ ጥርት ያለ ነው፤ ስንጥቅ የለውም» አለች ልጅቷ። ሐኪሟ «በጆሮሽ አይደለም፣ በእግርሽ» አለቻት። በእግሯ የሚሰማት ነገር አልነበረም።

ሐኪሟ የእግሯን ቅስት በመዳፏ ለካች፤ ጎብጠው የተሰበሰቡትን ጣቶች አንድ በአንድ ነካች፤ ባቷን ጨበጥ አደረገች። ከዚያ «በቤተሰብ እንዲህ ያለ ችግር ያለበት ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የለም» አሉ አባትና ልጅ እኩል። ልጅቷ ደግሞ ለማሟላት ያህል «አባቴ ያነክሳል፤ እሱ ግን ከመሰላል ወድቆ ነው» አለች።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና ወደ ጥግ ዞረች። «አባት፣ ጫማዎን ሊያወልቁልኝ ይችላሉ?»

«ታማሚዋ እኔ አይደለሁም።»

«አውቃለሁ።»

«የኔ የመሰላል ነው» አለ አባትየው። ድምፁ ከፍ አላለም፤ ግን ባርኔጣውን አጥብቆ ይዞታል። ሐኪሟ አልተከራከረችም፤ ወንበሯን ስባ ፊቱ ተቀመጠችና ጠበቀች። በር ተንኳኳ፤ «ቆዩ» አለች፤ አሁንም ጠበቀች። አባትየው በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ማሰሪያውን መፍታት ጀመረ። ልጅቷ አባቷ ጫማ ሲፈታ አይታ አታውቅም። ጣቶቹ የክሩን ጫፍ ያገኙታል፣ ያጡታል፣ ደግሞ ያገኙታል፤ እሷ ጠዋት ከቁልፏ ጋር ስትታገል የነበረው ልክ እንዲህ ነው። ላግዝህ ልትል አፏን ከፍታ ተወችው። ከጫማው ሥር ካልሲ፣ ከካልሲው ሥር ሌላ ካልሲ። አባቷ ካልሲ አድርጎ የሚተኛ ሰው ነው፤ ብርድ አይወድም ይባላል። ሁለተኛው ካልሲ ሲወልቅ እግሩ ወጣ፤ ልጅቷ የራሷን እግር አየች። አርጅቷል፣ ጣቶቹ ይበልጥ ጎብጠዋል፣ ባቱ ከሥሩ ተመዝምዞ አልቋል፤ ግን የሷው ነው።

«የተሰበረው የትኛው ነበር?» አለች ሐኪሟ።

«ግራው።»

ሐኪሟ ቀኙን አነሳችና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ይሄኛውስ ምን ሆኖ ነው?»

ይህን ጥያቄ በዚያ ቤት የጠየቀ ሰው የለም። አጥንት ጠጋኙም፣ ሚስቱም፣ ልጆቹም አልጠየቁም። ሰውዬው ከመሰላል ወደቀ፣ ያነክሳል፤ ማን ቁጭ ብሎ ስንት እግሩን ነው ያነከሰው ይላል? አባትየው እንደ ተያዘ ሰው የራሱን ቀኝ እግር አየ። ቆይቶ ሲናገር ለሐኪሟ ነው የተናገረው፤ ልጁን አላያትም።

«ሳልወድቅ በፊት ነው የጀመረኝ» አለ። «እግሬ አይታዘዘኝም ነበር። መሰላል ስወጣ እግሬን በዐይኔ እያየሁ ነው የማስቀምጠው፤ ካላየሁት የት እንዳለ አላውቅም። ላሠሪዬ ብነግረው ያባርረኛል። ለሚስቴ ምን ብዬ ልንገራት? ስም የለውማ። ሰካራም ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ከዚያ ወደቅኩ።» ከዚያም ጨመረ፦ «ስወድቅ ደስ አለኝ፣ ዶክተር። አጥንቴ ወጥቶ ደስ አለኝ። ከዚያ ወዲያ ምን ሆነህ ነው ሲሉኝ የምለው ነገር አገኘሁ።»

ሐኪሟ ተናገረች፤ ቀስ ብላ፣ ወረቀት ላይ ክር የመሰለ መስመር እየሣለች። ነርቭ እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ነው፤ በናንተ ቤት ሽቦው አለ፣ ሽፋኑ ነው የሳሳው፤ መልእክቱ መንገድ ላይ ይቀራል። በዘር የሚተላለፍ ነው። አይገድልም፤ የሚያድነውም መድኃኒት የለም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። እግሯን ቀና አድርጎ የሚይዝ ድጋፍ ይሠራላታል፣ ሥራዋ ተቀምጣ የምትሠራው ቢሆን ይመረጣል፣ ውሃ በክንዷ ሳትለካ እግሯን አትክተት፣ እህቷም ትምጣና ትታይ። ስሙንም ነገረቻት፤ ረጅም፣ የባዕድ ሰው ስም ነው። ልጅቷ ሁለት ጊዜ አስደገመቻት። አባትየው በመሀል «እናቴ ግድግዳ እየያዘች ነበር የምትሄደው» አለ፤ ማንም ስላልጠየቀው መልስ አላገኘም።

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ ልጅቷ መጀመሪያ የተሰማት ደስታ ነው፤ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የማይድን በሽታ ተነግሯት ደስ አላት። ስልኳን አውጥታ ለመደብሩ ባለቤት ደወለችና «በሽታ ነው፣ እትዬ፣ በሽታ ነው» አለች። ሴትዮዋ «ምን ልበልሽ አሁን፣ እንኳን ደስ ያለሽ ልበልሽ ወይስ ይማርሽ?» አለች፤ ከዚያ «ነገ ነይ፣ ገንዘብ መቀበያው ጋ ትቀመጫለሽ» ብላ ዘጋች። ደስታው ያን ጊዜ አለቀ። ከኋላው ሌላ ነገር መጣ፤ አባቷ ጫማውን ሳያስር፣ ማሰሪያውን እየጎተተ፣ ወደ ደረጃው እየሄደ ነው።

«ታውቅ ነበር» አለችው ደርሳበት።

«አላውቅም ነበር። እፈራ ነበር። የፈሩት ይደርሳል።»

«ትናንትና እንኳ እግርሽን አንሺ አልከኝ። አንድ ዓመት ሙሉ እብድ ነኝ ወይ ስል አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«ስትደናቀፊ ማየት አቃተኝ» አለ። «ካልተናገርኩት የሚያልፍሽ መሰለኝ። ሞኝ ነው አባትሽ።» የደረጃውን መደገፊያ ይዞ ቆመ፤ የመጀመሪያውን ደረጃ በዐይኑ እየፈለገ ነው። እሷም ከጎኑ ቆማ ተመሳሳዩን ደረጃ በዐይኗ ትፈልግ ነበር። በንዴት መሀል እንኳ ይህን ማየት አልቀረላትም። ታች በመስኮቱ በኩል ታክሲው ይታያል፤ አጎቷ የፊት መስታወቱን በጨርቅ እየወለወለ ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባት።

«አጎቴስ?» አለች።

«እሱን ማንም አልከሰሰውም።»

«እማዬ ውሃ ባቀበለችው ቁጥር ትከሰዋለች።»

«እኔ ለቀቀ ብዬ አላውቅም።»

«አልለቀቀም ብለህስ ታውቃለህ?»

አባትየው ሁለት ደረጃ ወረደና «ሆድ ይፍጀው፣ ልጄ» አለ። «ይሄን ያህል ዘመን አልፎት አሁን ምን ይጠቅመዋል?» እሷ ደግሞ «እኔን ዛሬ ምን ጠቀመኝ? የኔ ጥፋት አለመሆኑን አወቅኩ፣ በቃ። ሌላ ምን ሰጡኝ?» አለችው። ካልነገርከው እኔ እነግረዋለሁ ብላ ልትጨምር ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። ቀሪውን ደረጃ ወረዱ፣ ሁለቱም ጉልበታቸውን ከፍ ከፍ እያደረጉ።

አጎት ሲያያቸው ጨርቁን ጥሎ ሮጠ፤ የአማቹን ክንድ ያዘ፣ ማሰሪያው መፈታቱን አየና ቁጢጥ ብሎ አሠረለት። ለእህቱ የቃጠሎ ቅባት፣ ለነሱ ሙዝ ገዝቶ ጠብቋቸዋል። «ምን አሉ?» አለ ሞተሩን እያስነሳ። «ስሙ ተገኘ» አለች ልጅቷ። «እሰይ፤ ዋናው እሱ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለ አጎት፤ በቅን ልቡ ነው ያለው። ልጅቷ ከኋላ ወንበር የአባቷን ማጅራት አየች። መንገዱ ተጨናንቋል። የሥራ መውጫ ሰዓት ነው፤ አውቶቡሶቹ ሰው አንጠልጥለው ያልፋሉ። አጎት ስለ ሙዝ ዋጋ መናገር ጀመረ፤ ትናንት በዚህ ዋጋ ሁለት እጥፍ ይገኝ ነበር፣ ነጋዴው ዐይኑን በጨው አጥቧል አለ። አባትየው «እህ» አላለም። አንድ ጊዜ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ዝም ማለት እንዲህ እንደሚከብድ አታውቅም ነበር።

ትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆኖ ሲቆሙ አባትየው «መሰላሉን አልለቀቅከውም» አለ።

«ምን አልክ?»

«አልለቀቅከውም። እግሬ ነው የከዳኝ። ከዚያ በፊትም ይከዳኝ ነበር፤ ዛሬ ሐኪሟ ነገረችን፣ ልጅቷም የወረሰችው ከኔ ነው። መርገጫውን ስቼ ነው የወደቅኩት። መሬት ላይ ሆኜ ቀና ስል መሰላሉ እንደቆመ ነው፣ አንተም በሁለት እጅህ ይዘኸዋል። አይቼሃለሁ። ወደ እኔ ስትሮጥ ነው የወደቀው። ሰዎቹ ሲደርሱ ወድቆ አገኙት። እህትህ ማን ይዞት ነበር ስትል ሁሉም ወደ አንተ ዞሩ፤ እኔም ዝም አልኩ። ዝም አልኩ፣ ከዚያ ደግሞ ጊዜው አለፈብኝ።» አንድ ጊዜ ተነፈሰ። «ይቅር በለኝ፣ ወንድሜ።»

አጎት ወደ ፊት እንዳየ ነው። ልጅቷ በመስታወቱ ውስጥ ዐይኑን ፈለገች። ያለቅሳል ብላ ነበር፣ ወይም ይጮሃል፣ ወይም በሩን ከፍቶ ይወርዳል፤ ማናቸውንም ቢያደርግ ፍትሐዊ ነው ብላ ተዘጋጅታ ነበር። እሱ ግን አንድ የተሳሳተ አድራሻ እንደነገሩት ሁሉ ግንባሩን ቋጠረ።

«አይ» አለ። «ለቅቄዋለሁ።»

«አልለቀቅክም እልሃለሁ፣ በዐይኔ አየሁ።»

«እንዴት አልለቀቅኩም? ትዝ ይለኛል እኮ።» ድምፁ ገር ነው፤ አማቹን እንዳያስከፋ የሚጠነቀቅ ይመስላል። «አፍንጫዬን በላኝ። ቀለሙ ሸትቶኝ ነበር። ልከክ ብዬ በዚህ እጄ ለቀቅኩት። ከዚያ ግራው ብቻውን አልቻለም። እስካሁን በሕልሜ አየዋለሁ፤ መጀመሪያ አውራ ጣቴ፣ ቀጥሎ ሌሎቹ። ትዝ ይለኛል።»

ቀኝ እጁን ከመሪው ላይ አነሳና ገልብጦ አየው። ከኋላቸው አንድ መኪና ጥሩምባ ነፋ፣ ሌላውም ተከተለ።

«አረንጓዴ ሆኗል፣ አጎቴ» አለች ልጅቷ።

«አዎ» አለ፤ አልተንቀሳቀሰም።